ታዛዡ ግልባጭ

(የሆስፒታል ኮምፒውተር ክፍል። ትናንት የሠራተኞች ስም መዝገቡ ተበላሽቶ ሐኪሞቹ ወደ ኔትዎርኩ መግባት አቅቷቸው፣ የበሽተኛ ካርድ ሳያዩ ውለዋል። ሌሊቱን ተጠግኗል፤ ዛሬ ዳይሬክተሯ ዳግም እንዳይደርስ መፍትሔ እየጠበቁ ነው። «ሊቁ» እና የእህቱ ባል «ቀስበል» ተፋጠዋል። ቀስበል ነገር ዘግይቶ እንደሚገባው ስለሚያውቅ አያፍርም፤ ደግሞ ደጋግሞ ይጠይቃል።)

ቀስበል፦ የመግቢያ ሰርቨሮቹ ሁለት ከሆኑ ለምን ሁለቱም ደነቆሩ?

ሊቁ፦ በረኞች ናቸው አልኩህ! ማን ይግባ ብለው የሚጠይቁት አንድ የስም መዝገብ ነበር። እሱ ሲሞት በረኛው ሁለት ሆነ አሥር፣ ምን ያውቃል?

ቀስበል፦ ታዲያ መዝገቡንም ሁለት እናድርገዋ።

ሊቁ፦ ከጠዋት ጀምሮ የምልህ እሱን አይደል?

ቀስበል፦ አንተ የምትለኝማ «ሪፕሊኬሽን» ነው።

ሊቁ፦ (ግንባሩን ይዞ) ያው ነው! ምርጫው ይሄ ነው፤ አንዱ አለቃ ሌላው ተከታይ ይሁን፣ ወይስ ሁለቱም አለቃ?

ቀስበል፦ ሁለቱም አለቃ ሆነው ቢጣሉስ?

ሊቁ፦ ሦስተኛ ይጨመራል። ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል።

ቀስበል፦ እኛም ቤት እንደዚያ ነው። እህትህና እናትህ የተስማሙበት ይጸናል።

ሊቁ፦ እናቴን ከዚህ አውጣት።

ቀስበል፦ እኔ በምን አቅሜ?

ሊቁ፦ በቃ፣ አለቃና ተከታይ! ለሙከራ ጠዋቱኑ እንደዚያ አገናኝቻቸዋለሁ። አለቃው ላይ የሆነ ሁሉ ወዲያው ተከታዩ ላይ ይሆናል።

ቀስበል፦ ሁሉ? ስህተቱም?

ሊቁ፦ ግልባጭ ማለት መጠባበቂያ ነው፤ እዚህ ቢጠፋ እዚያ አለ! ና ላሳይህ። የራሴን ስም ከአለቃው ላይ እሰርዛለሁ።

ቀስበል፦ ኧረ ተው ወንድሜ።

(ሊቁ ይሰርዛል። ደረቱን ነፍቶ ወደ ተከታዩ ይዞራል። ይፈልጋል። ደግሞ ይፈልጋል።)

ቀስበል፦ አለህ?

ሊቁ፦ ... ፈጣን ነው።

ቀስበል፦ ማን?

ሊቁ፦ ግልባጩ።

(ስክሪኑ ራሱ ሊቁን ያስወጣዋል። ሊቁ የይለፍ ቃሉን ይጽፋል። አልተቀበለውም።)

ሊቁ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አንተ ግባና መልሰኝ።

ቀስበል፦ ከየት ላምጣህ? ሁለቱም ጋ የለህም።

ሊቁ፦ ለብቻው የተቀመጠ ቅጂ ቢኖር ኖሮ...

ቀስበል፦ እሱማ አለ። መሳቢያ ውስጥ፣ ዲስክ ላይ። ጠዋት ሳታገናኛቸው በፊት ነው የገለበጥኩት።

ሊቁ፦ ማን አድርግ አለህ?

ቀስበል፦ ማንም። ስታስረዳኝ ስላልገባኝ ነው። እኔ ያልገባኝ ነገር ሲመጣ የነበረውን አልጥልም።

(ስልክ ይጮኻል፤ ዳይሬክተሯ ናቸው። ቀስበል ያነሳል።)

ቀስበል፦ አቤት ዶክተር። አዎ፣ መርጠናል። አለቃና ተከታይ፣ ከጎን ደግሞ ከማንም ጋር የማይነጋገር አንድ ቅጂ። አዎ፣ ሐኪሞቹ እየገቡ ነው። ሞክረነዋል፤ ትእዛዝ ያከብራል። (ያዳምጣል። ሊቁን ያያል፤ ስክሪኑን ያያል።) ከሊቁ ጋር እንኳን አሁን ላገናኝዎ አልችልም። አይ፣ አልቀረም፤ እዚህ አጠገቤ ቆሟል። እንደ መዝገቡ ግን ገና አልተቀጠረም።