የተወረሰው ግጥሜ

የሰው ግጥም የራሱ አድርጎ የሚያነብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። በደርግ ዘመን፣ እዚሁ አዋሳ፣ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን መሪ የነበረው ታደለ ነው። «ትርፍ ቤት ከተወረሰ ትርፍ ግጥም የማይወረስበት ምክንያት ምንድነው?» ይል ነበር።

አንድ እሁድ ስብሰባ ላይ ስለ ሐይቁ የጻፍኩትን ግጥም በስሙ አነበበው። ደሜ ፈላ። «የእኔ ነው!» ልል ብድግ ስል ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ ቀደመኝ።

«ቆይ ጓድ ታደለ! ‹ጀልባዋ ቀዛፊ አጥታ ትዋልላለች› ስትል ምን ማለትህ ነው? አገሪቱ መሪ የላትም ነው የምትለው?»

እኔ ሆዬ የደራሲነት መብቴን ዋጥ አድርጌ፣ ጫማውን እንደሚያስር ሰው ጎንበስ አልኩ። ታደለ ላብ አጠመቀው። ዓይኑ እኔን ፈለገ፤ አገኘኝም።

«ጓድ፣ እውነቱን ለመናገር ግጥሙ የእኔ አይደለም» አለ። እኔ ይበልጥ ጎንበስ አልኩ። «የሰፊው ሕዝብ ነው! ቀዛፊ ያጣችውም የድሮዋ የፊውዳሎች ጀልባ ናት!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ካድሬው ራሱ ተነስቶ ያንኑ ግጥም በገዛ ስሙ አነበበልን። እኔና ታደለ ተያይተን እፎይ አልን። ከእንግዲህ ማን ደፍሮ ቀዛፊው ማነው ብሎ ይጠይቃል?