ተመስገን ባዩ ኮምፒዩተር

እኛ አገር ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው እንኳ መጀመሪያ ሰላምታውን ይጨርሳል። ጎረቤቱ ደጅ ይደርሳል፤ እንዴት አደራችሁ ይላል፤ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን አንድ በአንድ ይጠይቃል። በተራው ሲጠየቅም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አንልም» ይላል። ቁጭ በል ሲሉት ይቀመጣል፤ የቀረበለትን ይቀምሳል። ለመሄድ ብድግ ካለ በኋላ ነው፣ ድንገት ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ «ኧረ ያችን ጎጆ እሳት ይዟት ነበር፤ ትንሽ ውኃ ብታቀብሉኝ» የሚለው። አጋነንሽ የሚለኝ ካለ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ያቁምና ደህና ነህ ወይ ብሎ ይጠይቀው። ደህና አይደለሁም የሚል ካገኘ ያ ሰው መንገደኛ ነው፤ አገሩ ሌላ ነው።

ይህን ጠባያችንን ስወቅስ ኖሬአለሁ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ደህና ነህ ወይ ሲሉት ከጉበቱ ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚዘረዝር ሕዝብም በዓለም ላይ እንዳለ አንብቤአለሁ፤ እንዲያውም ቀናሁበት። ዝምታችን ከሰው አልፎ ዕቃ ላይ ይጋባል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር፣ ጋሪና ባጃጅ እየተጋፉ በሚያልፉበት ቦታ፣ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከጀርባዋ የባለቤቴ የደመላሽ አናጢ ቤት ነው። እኔ ከፊት ወረቀት እቆርጣለሁ፣ እሱ ከኋላ እንጨት ይቆርጣል፤ መብራት ከአንድ ቆጣሪ እንካፈላለን። ከመብራት በቀር የምንካፈለው ብዙ የለም፤ ወሬማ ጭራሽ። ደመላሽ ቃልን እንደ ዋንዛ ጣውላ ነው የሚያያት፤ ለቁም ነገር ካልሆነ አያወጣትም። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ። እውነት ነው፤ ከእሱ አፍ ግን የሚወጣም የለም።

ኮምፒዩተሬን ያበጀልኝ ሰይድ ነው። ሰይድ ቡሬ ገበያ ውስጥ ሞባይል የሚሸጥ፣ ኮምፒዩተር የሚጠግን፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ስለ ሥራውም ሲያወራ አቡጀዲ እንደሚለካ ሰው ዘርግቶ ነው። ፍላሽ ይዞ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ቫይረሱን እያራገፈብኝ ሲሄድ ጊዜ፣ ቫይረስ የማይደፍረውን ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ጫነልኝና ተገላገልሁ። ሥራዬን የማስቀምጠው ከኮምፒዩተሩ ጎን በተቀመጠ፣ የራሱ የመብራት ገመድ ባለው፣ ጥቁር ሳጥን በመሰለ ዲስክ ነው። ዲስኩ አሮጌ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ወገቡን እያሻሸ ነው የሚነሣው። ኮምፒዩተሩ ግን አይታገሠውም ነበር፤ ቀድሞት ይከፈትና ሥራሽ የት እንዳለ አላውቅም ይለኛል።

ለሰይድ ነገርሁት። ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ማዕድ ይቆረሳል ወይ አልሁት። ኮምፒዩተር እኮ ጠዋት ሲነሣ ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ ምን ቀድሞ፣ ምን አስከትሎ እንደሚሠራ የተጻፈለትን ትእዛዝ አንብቦ ነው ሰው የሚሆነው። ሰይድ እዚያ ትእዛዝ ውስጥ ገብቶ ዲስኩ እስኪመጣ ጠብቅ ብሎ ጻፈበት። እስከ መቼ ይጠብቅ ብሎ ጠየቀኝ። የተጠራ እንግዳ በሰዓት ይጠበቃል ወይ ብዬ መለስሁለት። እየሳቀ ገደብ የለውም ብሎ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሬ ሥርዓት ያለው የጎጃም ልጅ ሆነ፤ እኔም በአስተዳደጉ ኮራሁ።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

ጥር ነው። ወይዘሮ ይርገዱ የሚባሉ፣ ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር የሚኖሩ ደንበኛዬ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። የሠርጉን ካርድ አዘጋጅቼ አይተውልኛል፣ መርቀውኛል። የቀረው አርብ ዕለት ታትሞ እሳቸው ወስደው ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ላይ መበተን ብቻ ነው። የየቀበሌው ሰው አንድ ላይ የሚገኘው በገበያው ነው፤ ገበያው ካመለጠ ካርዱን ማን ዳገት ለዳገት ይዞ ይዞራል? ድሮ ሰው በአፍ ይጠራ ነበር። ዛሬ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ካርድ ያልደረሰው ዘመድ አይመጣም፤ አለመምጣቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፣ እስከ ተዝካሩ ያኮርፋል። እንግዲህ የወይዘሮ ይርገዱ ሠርግ በእኔ እጅ፣ እኔ ደግሞ በኮምፒዩተሩ እጅ ነበርን።

አርብ ጠዋት ቁልፉን ተጫንሁ። ኮምፒዩተሩ በራ። ሐምራዊ ሜዳ መጣ፤ ሜዳው መሐል ላይ አንዲት ቀለበት ትዞራለች። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፣ ጥቂት ዞራ ትጠፋና ሥራ ይከፈታል። የዛሬዋ ግን ትዞራለች፣ ትዞራለች። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ትዞራለች። ደግሞ እኮ ታምራለች! ከፊቷ ምንም ችግር አይነበብም።

ወደ ጓሮ ዘልቄ ለደመላሽ ኮምፒዩተሩ እምቢ አለኝ አልሁት። ይነሣል አለ። ምን ሆኖ ይሆን ስለው፣ እኔ ስለ ኮምፒዩተር ምን አውቄ አለኝና ወደ መላጊያው ተመለሰ። እውነቱን ነው፣ አያውቅም። ሰው እውነት እየተናገረ እንዴት አድርጎ እንደሚያቃጥል ለማየት የፈለገ የእኔን ቤት ይጎብኝ።

ስመለስ ወይዘሮ ይርገዱ ደርሰዋል። ተሳሳምን፣ ተጠያየቅን። ድግሱ እንዴት ነው ብላቸው ተመስገን አሉ። ሙሽራዋስ? ተመስገን። ወንዶቹ ወገኖችስ? ዓይናቸውን ወደ መንገዱ ጣል አደረጉና እነሱም ተመስገን አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ቀለበቷን ያዩ ጀመር። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በአድናቆት፣ አይደክማትም እንዴ አሉኝ።

ለሰይድ ደወልሁ። እሱም ሰላምታውን አላሳጠረም፤ አልሐምዱሊላህ እያለ እስከ አክስቱ ድረስ ዘለቀ። ነገሬን ሲሰማ ግን አድርጌው የማላውቀውን አንድ ነገር እንዳደርግ አዘዘኝ። ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሣ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ እንድይዝ፣ ዝርዝር ሲመጣ ኢ የምትለዋን ፊደል እንድነካ፣ ያ የማለዳ ትእዛዝ ተዘርግቶ ሲታየኝ ከአንደኛው ረጅም መስመር ጫፍ ላይ ሁለት ቃል እንዳጠፋ። አንደኛው ኳየት ይላል፣ ሁለተኛው ስፕላሽ። ምን ማለት ናቸው አልሁት። የመጀመሪያው ዝም በል ማለት ነው፣ ሁለተኛው ሥዕል ልበስ ማለት ነው አለኝ። ያ ሁሉ ጽሑፍ ሲወርድ ደንበኞች እንዳይደነግጡ ተብሎ የሚደረግ ነው አለ።

እንግዲያ ይኼ ኮምፒዩተር አብሮኝ ሲኖር ዝም በል እየተባለ ነው ወይ ብዬ ተቆጣሁ።

«እትዬ የሻረግ፣ እሱማ ሁልጊዜም ይናገራል» አለኝ። «እኛ ነን አፉን በሥዕል የሸፈንንለት።»

ይህችን አባባል በኋላ ሰርቄ የራሴ ማድረጌ አልቀረም። ያን ጊዜ ግን ጊዜ አልነበረኝም። ሰይድ ደግሞ ማጥፋቴ ለዛሬ ብቻ እንደሆነ፣ ነገ ሲነሣ ወደ ዝምታው እንደሚመለስ፣ ለዘለቄታው ከተፈለገ እሱ መጥቶ እንደሚያጠፋቸው ነገረኝ። ሁለቱን ቃላት ሰረዝሁ፣ መነሣቱን እንዲቀጥልም ኮንትሮልንና ኤክስን አብሬ ተጫንሁ።

ሐምራዊው ሜዳ የለም፣ ቀለበቷ የለችም። በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ እንደ ሐምሌ በረዶ ወረደ። ወይዘሮ ይርገዱ በስመ ሥላሴ ብለው አማተቡ፤ ይኼ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ነበር ወይ ብለውም አዘኑለት። ጽሑፉ ሲሮጥ ሲሮጥ ቆይቶ ቆመ። አንዲት መስመር ብቻ ቀረች። ፊደል እየቆጠርሁ ለሰይድ በስልክ አነበብሁለት። ከዚያ ሳቁን ለቀቀው።

ዲስኩን እየጠበቀ ነው አለኝ። ገደብ የለውም ተብሎ የለ፣ እስከ ዕለተ ምጽአት ይጠብቃል። ለመሆኑ ዲስኩ የት ነው?

ከኮምፒዩተሩ ጎን ዞሬ አየሁ። ዲስኩ የነበረበት ቦታ ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ብቻ አለ። ለካ ልጄ፣ ሥርዓት ያስተማርሁት ልጄ፣ የቀረ እንግዳውን ማዕድ ሳይቆርስ እየጠበቀ፣ ለምን አትበላም ሲሉት ፈገግ እያለ ኖሯል!

ወደ ጓሮ ሮጥሁ። የእንጨት መብሻው የድሪሉ ባትሪ በእኔ የመብራት ማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል። ጥቁሩን ሳጥን አይተሃል ወይ አልሁት ደመላሽን። ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ፤ እንደ ታቦት በሁለት እጁ። ለድሪሉ ባትሪ መሰኪያ ስላጣ ዲስኩን ነቅሎ ማከፋፈያውን ወሰደው፤ ሳጥኑን ደግሞ ሰጋቱራ እንዳይገባበት አሰበለት። እንዲህ አሳቢ ባል ነው ያለኝ። ታዲያ ጠዋት ስጠይቅህ ለምን አልነገርኸኝም ብዬ ጮኽሁ።

«ኮምፒዩተሩ ምን ሆነ አልሽኝ እንጂ፣ ሳጥኑ የት ሄደ መች አልሽኝ?» አለ።

ሳጥኑን ሰካሁት። አቃሰተ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተነሣ። ያች መስመር ወዲያው ጠፋችና ሥራዬ ከነካርዱ ተከፈተ። እንግዳው ገባ፣ ማዕዱ ተቆረሰ። አተምሁ፣ ቆረጥሁ፣ አጠፍሁ፤ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ወረቀቴ አንድ ሳይተርፍ አለቀ። ወይዘሮ ይርገዱ ካርዱን ተቀበሉ፣ እጄንም ቤቴንም ኮምፒዩተሩንም መረቁ፣ በነጠላቸው ቋጠሩት። በሩ ጋ ደረሱ። ከዚያ ዞር አሉ፤ ጎጆውን እሳት የያዘበት ሰው እንደሚዞረው።

«የኔ እመቤት፣ ሥራ ላይ ስለነበርሽ ላውክሽ አልወደድሁም እንጂ፣ ሠርጉ እኮ በሳምንት ተገፍቷል።»

የሙሽራው አጎት ተዝካር ሠርጉ ከተቆረጠበት እሑድ ላይ ወድቆ ወንዶቹ ወገኖች ሽማግሌ ልከው ኖሯል። ይህን ሊነግሩኝ ነበር ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው የመጡት። ታዲያ ምነው ገና ሲገቡ ቢነግሩኝ ብላቸው፣ አንቺም ጭንቅ ላይ ነበርሽ፣ ዕቃሽም ታሞብሻል፣ በላዩ ላይ ምን ልጨምርብሽ አሉኝ። ከልባቸው ነው። ቀኑ የተሳሳተ ካርድ ሲታተም፣ ሲቆረጥ፣ ሲታጠፍ ቁጭ ብለው ያዩት ለእኔ አዝነው ነው።

ወርቃማው ወረቀት አልቋል፤ ነገ ገበያ ነው። አዲሱን ቀን በቀጭን በቀጭን ነጭ ወረቀት አተምሁና በአሮጌው ቀን ላይ እንለጥፈው አልሁ። ማጣበቂያ? ደመላሽ የእንጨት ኮላውን ይዞ መጣ። ከመለጠፋችን በፊት ካርዱን አነሣ፣ የሚያብለጨልጨውን ፊቱን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገ፣ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። አየሁት። እኔም ምን ልትል ነበር አላልሁትም፤ ምሽቱ እየተጣደፈ ነው፣ የቡሬ የመጨረሻው መኪና ሊሄድ ነው። ለጠፍን። ወይዘሮ ይርገዱም ተሳፈሩ።

ሠርጉ በተባለው ቀን፣ ማለት በተገፋው ቀን፣ እኔና ደመላሽ ሄድን። ዳሱ ሞልቷል፣ ሙሽራዋ አምራለች፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ድግሱ ግሩም ነው፣ ሥጋው ግን ያለፈው እሑድ ይሻል ነበር አሉኝ።

ያለፈው እሑድ?

የሙሽራዋን ጉንጭ ስስም ጠየቅኋትና ነገሩን አወጣሁት። የእንጨት ኮላ ለካ የሚያብለጨልጭ ካርድ ላይ አይዝም፤ ፀሐይ ሲመታው ደርቆ ወረቀቱ እየረገፈ፣ የቅርቡ ሰው አዲሱን ቀን ሲያነብ፣ ከሩቅ የሚሄደው ቤቱ የደረሰው አሮጌውን ቀን ይዞ ነው። በዚያ እሑድ የደገኛው ወገን ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ስጦታውን ይዞ፣ በበቅሎ ወረደ። ዳስ የለም። ከበሮ የለም። ሙሽራዋ በጄሪካን ውኃ ይዛ በፊታቸው ታልፋለች። አንድ ሰው እንኳ ሠርጉ የት አለ ብሎ ጠየቀ ወይ? ነውር አይደለም እንዴ! ወይዘሮ ይርገዱስ ለምን መጣችሁ አሉ ወይ? እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው አስገቡ፤ በግ አስጣሉ፤ ያልጠራውን ጠላ ቀዱ። እንግዶቹ በሉ፣ ጠጡ፣ ጄሪካኗን የተሸከመችውን ልጅ ውለጂ ክበጂ ብለው መረቁ፣ ሄዱ። በሳምንቱ ያው ጃንጥላ፣ ያው በቅሎ ተመልሶ መጣ። ስላለፈው ያነሣ የለም፤ ከእኒያ የሥጋ ነገር ከሚያንገበግባቸው ሽማግሌ በቀር።

ስንመለስ ደመላሽን ስለ ኮላው አልጠየቅሁትም። የሚለኝን አውቀዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ኮምፒዩተሩን እንዳበራሁ ሰይድ ደወለ። ዝም በል የምትለዋን ቃል ለዘለቄታው ላጥፋት ወይ ሊለኝ ነው። እኔም ቆርጫለሁ። አጥፋልኝ፣ ከኮምፒዩተሩም፣ ከደመላሽም፣ ከወይዘሮ ይርገዱም፣ ከዚህ አገር ሁሉ ንቀልልኝ ልለው ነው። ሁለት ጊዜ ስለተደገሰው ሠርግ፣ ስለረገፈው ወረቀት፣ ሁሉንም እንደዚያ ነጭ ጽሑፍ ላወርድለት ነው።

ሰላምታውን እስከ አክስቱ አደረሰና፣ እትዬ፣ ሠርጉ እንዴት ነበር፣ ኮምፒዩተሩስ ደህና ይነሣል ወይ አለኝ።

ዞር ብዬ አየሁት። ሐምራዊው ሜዳ ላይ ቀለበቷ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ከጎኑ ያ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ባዶውን ነው። ከጓሮ በኩል፣ ባትሪው ጥግብ ያለ ድሪል ሲያጓራ ይሰማኛል።

«እግዚአብሔር ይመስገን ሰይድ» አልሁት፣ «ምንም አንልም።»