የአከርካሪው መርፌና የአፈር ምሩቁ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በደርግ ዘመን፣ በአንድ የጥምቀት ሰሞን፣ ባለቤቴ እየሳቀች በወለደች ቀን ነው። እናንተ መቼም፣ መማር ያስከብራል ብላችሁ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ትልካላችሁ። ላኩ፤ አልከለክልም። ግን የወደፊት አማቶቻቸውንም አብራችሁ ላኩ።

ምጡ ሁለት ቀን ስላለፈው ከላሊበላ በእህል መኪና ተጭነን ሆስፒታል ወረድን፤ ባለቤቴ የሺ፣ እናቷ እማማ ብርቄ፣ የጸበል ጀሪካን ያቀፉት የንስሐ አባታችን ቄስ ሞገስና እኔ። ሐኪሙ የሺን አከርካሪዋ ላይ መርፌ ወግቶ፣ ሆዷን ከፍቶ ሴት ልጅ አወጣልን። መርፌው ውስጥ ሕመሙን እስከ ነገ የሚያስታግስ መድኃኒት እንዳለ፣ ነገ ሕመሙ ሲመጣ ክኒን እንደምትውጥ፣ እግሯ ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደሚነቃ፣ አፍንጫዋንም ሊያሳክካት እንደሚችል ነገረኝ። ለእኔ። የተማርኩ መሆኔ ገብቶት።

የሺ አፍንጫዋን እያከከች ትስቃለች። እማማ ብርቄ ግን ሆዷ የተቀደደ ሴት ስትስቅ አይተው አያውቁም። እግሯን ቆነጠጡት፤ ዝም። ከወገቧ በታች ገድለዋታል፣ ቃሬዛ ይምጣና ላሊበላ ተመልሳ ተራራው ላይ ያለችው አሸተን ማርያም ጸበል ትግባ አሉ። ስፌቷ ገና ትኩስ ነው፤ ያን አቀበት ብትወጣ ምን እንደሚተርፋት እኔ አውቃለሁ። በሩ ላይ ቆሜ የሐኪሙን ቃል አንድ በአንድ አስረዳኋቸው።

«አንተ የተማርከው ስለ አፈር ነው» አሉኝ። «ልጄ ደግሞ ገና አፈር አልሆነችም።»

ክፍሉ ሳቀ። የሺም ሳቀች፤ እሷን እንኳ መድኃኒቱ ነው ብዬ ይቅር ብያታለሁ።

ይኼኔ ቄስ ሞገስ ገቡ። መስቀላቸውን እግሯ ላይ አሳረፉና «መድኃኒቱ ነው፣ ብርቄ። እግሯ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይነቃል፤ ሕመሙ ነገ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ክኒን ትውጣለች» አሉ። ቃል በቃል የእኔ! እማማ ብርቄ መስቀል ተሳልመው ቃሬዛውን መለሱ።

ቄሱን ውጭ አግኝቼ ይህን ከየት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው።

«አንተ በር ላይ ስትናገር ሰምቼ ነዋ» አሉኝ፣ የጀሪካናቸውን ክዳን እያጠበቁ።

በማግስቱ ጠዋት የሺ ማቃሰት ጀመረች። እማማ ብርቄ፣ ሕመሙ ቄሱ ባሉት ቀን መጣ ብለው እልል አሉ። ሦስተኛውን እልልታ ሳይጨርሱ ነርሷን ጠርቼ የሺን ክኒኑን አስዋጥኳት። እልልታቸውን በማቋረጤ እስከ ዛሬ ያኮርፉኛል።

ልጅቱ አድጋ ራሷ ወልዳለች። የልደቷ ታሪክ በተነሳ ቁጥር የሚወራው ግን ስለ ቄሱ መስቀል ነው። ቄሱን አልወቅስም፤ ቢያንስ እሳቸው ሰምተውኛል። እርስዎ ግን፣ እማማ ብርቄ፣ ተመስገን ጆሮዎ ዛሬም ደህና ነው፤ ያንኑ ቃል ቀድሜ ስነግርዎ እኔ ምን ጎደለኝ? ዛሬ ይመልሱልኝ።