የፊርደውስ ቲማቲምና ያልተጠሩት ሐኪም

ከሚሴ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ያልጠራው ሐኪም አለው። ሁለት እግር ቃሪያ ትከልና እየው፤ ገና ሥር ሳይሰድ አንድ ሰው አንገቱን በአጥር ያስገባል። ለፊርደውስ ሰፈር ደግሞ የሐኪሞቹ ሁሉ አለቃ ነው የደረሰው፦ የቃሪያ አባት፣ የቲማቲም ጠበቃ፣ ክቡር አያ ሙሀመድኑር!

አያ ሙሀመድኑር ከሰው በፊት ቅጠል ነው ሰላም የሚሉት። ገብተው ቁጢጥ ይሉና ቅጠሏን እንደ ሕፃን ጆሮ ያዝ አድርገው፣ «አካም ቡልቴ? ማል ታቴ?» ይሏታል። እንዴት አደርሽ፣ ምን ሆንሽ ማለታቸው ነው። ኦሮምኛው ለቅጠሏ፣ በአማርኛ የሚመጣው ቁጣ ደግሞ ለባለቤቷ።

«ፊርደውስ! ይቺ ልጅ ርቧታል!»

«ኧረ አያ፣ ታማ ነው የሚመስለኝ።»

«ቅጠል አይታመምም። ይርበዋል!»

በቃ፣ ሕክምናው ይኸው ነው። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ከሆነ ፍግ ርቦታል። ዳር ዳሩ ከተቃጠለ አመድ ርቦታል። የፍሬው ቂጥ ከጠቆረ የእንቁላል ቅርፊት ርቦታል። ሰርግ ቤት ሰው ሥጋ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ጓዳ ገብተው ቅርፊት ይለምናሉ። ባጃጅ ከሚሴ የገባ ሰሞን አንዷ መንገድ ላይ ቆማ ሲገፏት አይተው፣ «ርቧታል» አሉ። ለካ ቤንዚን ጨርሳለች! ከዚያ ወዲህ ማን ይቻላቸው።

ፊርደውስ ግን ዘንድሮ ለሳቅ ጊዜ አልነበራትም። በፆም ፍቺው ዒድ ባቲ፣ አማቷ ቤት ሄዳ ነበር። አማቷ እማ ዘይና የገበያውን ቲማቲም ሲያማርሩ አፏ አመለጣት፤ «ለአረፋ እኛ ጋ ይምጡ፣ ከጓሮዬ ቀጥፌ አበላዎታለሁ» አለች። እማ ዘይና ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ያንቺ እጅ ያበቅላል? እስቲ እናያለን» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲማቲሙ ቲማቲም መሆኑ ቀረ። የፊርደውስ ስም ሆነ።

ስሟ ደግሞ ቢጫ ሆነ። ከታች ጀምሮ፣ ቅጠል በቅጠል።

አያ ሙሀመድኑር ዘመቱ። ከጨፋ መስክ የሚመለሱ ከብቶችን ኋላ ኋላ እየተከተሉ ፍግ በማዳበሪያ ከረጢት አመጡ። የፍየል በጠጥ በውሃ ዘፍዝፈው አጠጡ። ቤቱ በረት በረት ሲሸት ባሏ ጀሚል፣ «ወይ እኔን ወይ ቲማቲሙን ምረጪ» አለ። ፊርደውስ ትንሽ አሰብ አደረገች። እሱም ገባውና አፍንጫውን ይዞ ወጣ።

ቲማቲሙ ግን ባሰበት።

«ያ ረቢ፣ አረፋ ደረሰኮ አያ!»

«አብሽሪ። ገና አልጠገበም።»

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ያንን የፍየል በጠጥ አጠጥተው እዚያው ሲያወጉ የአስር ሶላት ደረሰ። ጆጋቸውን ይዘው ድንጋዩ ላይ ለወዱእ፣ ለሶላቱ ትጥበት፣ ተቀመጡ። ድንጋዩን ቲማቲሙ ሥር ያስቀመጠችው ራሷ ፊርደውስ ናት። የወዱእ ውሃ በከንቱ ከሚፈስ፣ በረካው ለተክሉ ይሁን ብላ። ጀሚል እዚያ፣ እሷ እዚያ፣ እንግዳ እዚያ ይታጠባል። አያ ሙሀመድኑር ሲታጠቡ ደግሞ የቦርከና ወንዝ ይሞላል። እግራቸውን ሲጨርሱ፣ ቀን ያጠጡት በጠጥ ቡናማ ሆኖ በአጥሩ ሥር ኩልል ብሎ ወጣ።

ፊርደውስ ክው አለች። ከድንጋዩ ራቅ ብሎ አጥሩ ጋ ያለው እግር ለምለም ነው። ድንጋዩ ሥር ያሉት ናቸው የነጡት። ሐኪሙ ያጎርሳሉ፣ ሳይዋጥ ደግሞ መልሰው ያጥቡታል!

ግን እንዴት ብላ ትንገራቸው? ያንን ሁሉ ፍግ ተሸክመው?

«አያ፣ ድንጋዩን ጥግ ላይ ወዳለው ሙዝ ላዙረው። እዚህ ፀሐይ መታዎት።»

«ለኔ አታስቢ። ከበሽተኛዬ አልለይም።»

«በሽተኛ? ቅጠል አይታመምም ሲሉ አልነበር?»

አያ ጆጋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ድንጋዩን ራሳቸው አንከባለሉት።

ሙዙ ውሃውን ጠጣ፣ ቲማቲሙም በመጨረሻ የጎረሰውን ዋጠ። አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፣ ፍሬውም ለአረፋ ቀላ። እማ ዘይና አንዱን ገመጡና ሁለተኛውን አነሱ።

«ማሻአላህ። ማነው ያከመው?»

አያ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ፊርደውስ አየቻቸው።

«አያ ናቸዋ! ሌላ ማን አለ?»

«የኔም ቃሪያ ባቲ ጠውልጓል...» አሉ እማ ዘይና።

«ርቦታል!» አሉ አያ።

«ሳያዩት?»

«ከዚሁ ይታየኛል!»

ከአረፋ በኋላ ግን ጓሮው ጠገበ። አያ ብቅ ይላሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞራሉ። «አልሀምዱሊላህ፣ ሁሉም በልቷል» ብለው አስር ሳይደርስ ይሄዳሉ። ድንጋዩ ሥር ቦርከናው ደረቀ። ቅጠሎቹን ሰላም የሚል ጠፋ። ፊርደውስ አንድ ሁለቴ አጥር አጥሩን ስትመለከት ራሷን አገኘችው።

በነጋታው አንዲት የቃሪያ ችግኝ አምጥታ፣ ልክ ድንጋዩ ሥር፣ ውሃው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተከለች። ጠዋት ማታ ራሷ እላይዋ ስትታጠብ ቆይታ፣ የታች ቅጠሏ ቢጫ ሆነ።

«ፊርደውስ!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ላይ መጣ። «ይቺ ልጅ ርቧታልኮ!»

«ውይ፣ አላየሁም ነበር! ኮታ፣ ይግቡ አያ» አለችና ጆጉን ልትሞላ ሄደች።