ሃያ ሦስቱ የጋሽ ቀለመወርቅ ሰርተፍኬቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ሥልጠና የማያመልጠው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛ የቂርቆሱ ክቡር ሠልጣኝ ጋሽ ቀለመወርቅ ናቸው። ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ስለ ፀሐይ ኃይል ወይም ስለ ቆጣቢ ምድጃ የሚወራ ከሆነ፣ እሳቸው ከአሠልጣኙ ቀድመው ደርሰዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሃያ ሦስት ሰርተፍኬት ሰብስበዋል። ግድግዳው ስለሞላ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ኮርኒሱ ላይ ተለጥፈዋል፤ ማንበብ የፈለገ አልጋቸው ላይ በጀርባው ይተኛል።

"የወደፊቱ ሥራ አረንጓዴ ነው" ይላሉ። ያለፈው ሥራቸው መዝገብ ቤት ነበር።

የተማሩትን አይሰስቱም። ለጎረቤታችን ለጥሩዬ ቆጣቢ ምድጃ ሠሩላት። ከሰል በመቆጠብ ወደር አልተገኘለትም፤ ጭራሽ አልቀጣጠል አለ።

"ጋሼ፣ ማለቴ ምድጃው ጥሩ ነው፤ ሽሮው ግን ጥሬ ነው" አለቻቸው።

"ጭስ አለው?"

"የለውም።"

"በቃ፣ ዓላማው ተሳክቷል።"

ቀጥሎ ባዮጋዝ ሊያመርቱ ከቄራ በጆንያ ፈርስ አስመጡ። ለሁለት ሳምንት ግቢያችንን እንግዳ አልረገጠውም።

የፀሐይ ኃይል የሠለጠኑት ደግሞ ፕሮጀክተሩ እንዲታይ መጋረጃው በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሥልጠናው በቆየበት ሦስት ቀን ፀሐይን ያዩት ለሻይ ሲወጡ ብቻ ነበር። ሲመለሱ የእኔ ቤት ቆርቆሮ ላይ ትንሽ ፓኔል ሰቀሉ። እንደምትሠራ ማንም አልጠበቀም፤ ሠራች። ሰፈሩ መብራት ሲጠፋበት የእኔ አምፖል ብቻዋን ትበራለች።

አንድ ልማድ አላቸው። ማንኛውንም ነገር "እስቲ በቅድሚያ እንተዋወቅ" ብለው ነው የሚጀምሩት። ሃያ ዓመት የሚያውቁትን ሰው አቁመው ስሙን፣ የመጣበትን መሥሪያ ቤትና ከሥልጠናው የሚጠብቀውን ያስነግሩታል። ጥሩዬ ምድጃዋን የተረከበችው "ጥሩዬ እባላለሁ፣ ከጎረቤት ነው የመጣሁት፣ የምጠብቀው ምሳ ነው" ብላ ነው። ሁላችንም ሳቅንባቸው። እኔ አብዝቼ ሳቅሁ።

ባለፈው መጋቢት ግን ከአዳራሹ በር ተመለሱ። ከእንግዲህ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያልያዘ አይገባም ተባለ። መዝጋቢዋ በትሕትና "አባባ፣ እርስዎን የላከዎት ድርጅት ማነው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"እኔንስ የላከኝ የለም" አሏት።

በእግራቸው ወደ ቂርቆስ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ላጽናናቸው ብዬ "ሃያ ሦስት ይበቃል ጋሼ፣ ሌላ ሰርተፍኬት ምን ያደርግልዎታል?" አልኳቸው።

"ሰርተፍኬቱን አይደለም ሔኖክ። እዚያ እኮ ስሜን ይጠይቁኛል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚጠራኝ የለም።"

አፈርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ በራቸው ተዘግቶ ሰነበተ። እኔም ብሆን እህቴ ጀማነሽ አግብታ ሐዋሳ ከሄደች ጀምሮ የማወራው ከሬዲዮ ጋር ነው። ብቸኝነቱ ከብዶኛል፤ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ወንበር ላይ ወጥቼ የፓኔሏን ሽቦ በእጄ ነቀልኩ። ሄጄም በራቸውን አንኳኳሁ።

"ጋሼ፣ መብራቴ እምቢ አለኝ።"

ፒንሳቸውንና የሥልጠና ቦርሳቸውን ይዘው ከኋላዬ ደረሱ። ሽቦውን አዩት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። በሰው እጅ የተነቀለ ሽቦ ለማወቅ ሃያ ሦስት ሰርተፍኬት አያስፈልግም። ፒንሳውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወንበር ሳቡ።

"ይሄ ብልሽት ከባድ ነው" አሉ። "የሦስት ቀን ሥልጠና ይፈልጋል። እስቲ በቅድሚያ እንተዋወቅ።"

ተነስቼ ቆምኩ። "ሔኖክ እባላለሁ" አልኩ። ስሜን ጮክ ብዬ ከተናገርኩ ቆይቻለሁ።

"ከሥልጠናው የምትጠብቀውስ?"

"እንዲራዘም" አልኳቸው።

ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት።