የተዝካሩ አሳላፊዎች

መጠጥ ማቆም ከባድ ነው የሚል ሰው ማክሰኞን ረስቶታል። ማክሰኞ ማንም ሰው መጠጥ ማቆም ይችላል። ሥራ አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ አለቃ አለ፣ ማታ ደክሞ መተኛት አለ። ችግሩ ያለው ቅዳሜና እሁድ ላይ ነው። ከተማችን ሰርጓን፣ መልሷን፣ ክርስትናዋን፣ ምርቃቷን፣ የጽዋ ማኅበሯንና ተዝካሯን ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቀናት ውስጥ ጠቅጥቃ ነው የምታስቀምጠው። የማይጠጣ ሰው ዓርብ ሲመሽ የጥሪ ካርዶቹን ይደረድርና ያስባል። ወይ ከሰው ይለያል፣ ወይ ከሰው ጋር ይጠጣል።

«አልጠጣም» በማለት የሚያመልጥ ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ። በእኛ ዘንድ «አልጠጣም» የድርድር መክፈቻ ነው። «እንግዲያው ትንሽ» ይባላሉ። ትንሹን እምቢ ካሉ «ለእኔ ሲሉ» ይመጣል። እሱንም ካለፉት «በሞቴ!» ይከተላል። ለአንድ ጠርሙስ ቢራ ስንት ጤነኛ ሰው በሞቱ እንደማለ አስቡት። «ጸበል ጀምሬ ነው» ማለት ለጥቂት ጊዜ ያዋጣል፤ ጸበሉ ዓመት ሲደፍን ግን ሰው በምን በሽታ እንደሆነ መገመት ይጀምራል፤ ግምቱም ከስካሩ የባሰ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የማውቀው በጋዜጠኝነቴ አይደለም። እኔም ካቆሙት አንዱ ነኝ። እንዴት እንደጀመርኩና እንዴት እንዳቆምኩ አልተርክላችሁም፤ የሁላችንም ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያየው የሚስቶቻችን ስም ብቻ ነው።

ጎፋ ውስጥ ጋሽ ደምሴ የሚባል ልብስ ሰፊ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት የስፌት መኪናዎቹ ሲቆሙ ከሱቁ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል የእኛ ትሆናለች። እኛ ስል ጠጥተን ያቆምን፣ በትክክል ለመናገር ደግሞ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያቆምን ሰዎች ማለቴ ነው። አንዳንዴ ክፍሉ አይበቃንም፤ በሰርግ ወራት ግን እንመነምናለን። ያን ሰሞን የቀረነው አራት ነበርን። ጋሽ ደምሴ ከሁላችን በፊት ያቆመና ከሁላችን ይልቅ የቆየ፣ ሲጨንቀን የምንደውልለት ሰው ነው። እታፈራሁ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ አረቄ ስትሸጥ ኖራ የገዛ ቤቷ ዋና ደንበኛ ሆና የነበረች ሴት ናት። ለማ ሚኒባስ ይነዳል፤ የላፍቶ ተወላጅ ነው፤ አባቱ ጤፍ ያረሱበት ማሳ ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። አራተኛው እኔ ነኝ።

አሠራራችን ቀላል ነው። ቅዳሜና እሁድን ማናችንም ብቻችንን አናሳልፍም። አንዱ ድግስ ከተጠራ ሌላው አብሮት ይሄድና ጎኑ ይቀመጣል፤ ቀጂው ሲመጣ ብርጭቆውን በእጁ ይከድንለታል። በዚህ ምክንያት ስማቸውን የማላውቃቸው የብዙ ሙሽሮች የሰርግ ቪዲዮ ላይ የእኔ እጅ አለ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ለማ አንገቱን ደፍቶ መጣና «ነገ የእናቴ ተዝካር ነው» አለን።

እናቱን እማማ ወርቄን ሁላችንም እናውቃቸው ነበር። ለማን መጀመሪያ ወደዚያች ክፍል ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ሱሪ እናሳጥርልህ ብለው፣ ትልቅ ሰውዬ እንደ ተማሪ እጁን ይዘው። ከዚያ ወዲህ እስኪያርፉ ድረስ ልጃቸው ሳይጠጣ ሲገባ አዩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ለማ የያዘው ነገር ቢኖር ይኸው ነበር። ያን ካጣ ምንም እንደማይቀረው እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

«ቤት ውስጥ ሙሉ በርሜል ጠላ ተጠምቋል» አለ። «ጌሾ እየሸተተኝ ነው ተኝቼ የምነሳው።»

«ብትቀርስ?» አለች እታፈራሁ።

«ከእናቴ ተዝካር?»

«ታሞ ነው ይባላላ።»

«አንቺ ደግሞ! እኔ ከቀረሁ ታሞ ነው የሚል አለ? ሰክሮ የሆነ ቦይ ውስጥ ወድቆ ነው የሚሉት። እህቴ ጫልቱስ ብቻዋን ትቁም?»

ነገሩ እውነት ነበር። ባለመጠጣቱ ምክንያት ከእናቱ ተዝካር ቢቀር ሰክሮ ቀረ ሊባል ነው። ብዙ አገራዊ ጉዳዮችን ዘግቤአለሁ፤ እንዲህ ተብትቦ የሚይዝ ግን ጥቂት ነው የገጠመኝ።

መፍትሔውን ያመጣው ጋሽ ደምሴ ነው። «የተቀመጠ ሰው ፊት ብርጭቆ ይደረጋል» አለ መነጽሩን እያወለቀ። «ጆግ ይዞ የሚዞረውን ግን ማን ጠጣ ይለዋል? ስለዚህ አንተ አትቀመጥ። ቀጂ ሁን። እኛም አብረንህ እናሳልፋለን።»

እታፈራሁ በሳቅ ፈነዳች። «አራት ሰካራም ጠላ አሳላፊ! አንተ ደምሴ፣ ሥጋ ቤት ጅብ ቀጠረ በለኛ!»

«የነበርን» አለ ጋሽ ደምሴ። «ሰካራም የነበርን።»

በሙያዬ ብዙ ዕቅድ ሲነደፍና ብዙ ዕቅድ ሲከሽፍ አይቻለሁ። ይህኛው ላይ ግን እንከን አላገኘሁበትም። ኪሳችንን ከረሜላ ሞላን፤ እታፈራሁ የምትጠጣውን የሎሚ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አዘጋጀች፤ አንዳችን ከተፈተንን ሌላውን በዓይን እንድንጠራ ተስማማን። ያላሰብነው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

እሁድ ላፍቶ ስንደርስ የእድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተክሏል። ድሮ የእርሻ ግቢ ስለነበር ሰፊ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ግን የኮንዶሚኒየሙ ሰዎች በረንዳቸው ላይ ልብስ እያሰጡ ቁልቁል ያዩናል። ጫልቱ ሦስት ለባብሰው የመጡ አሳላፊዎች ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ለሚ፣ እንዲህ ዓይነት ጓደኞች አሉህ እንዴ?» አለችው። ከዚህ በፊት ያየቻቸው የወንድሟ ጓደኞች በር ላይ ጥለውት የሚሄዱት ነበሩ።

ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ተቀመጡ። እኔ እንጀራ ያዝኩ፣ እታፈራሁ ወጥ፣ ለማና ጋሽ ደምሴ ጆግ። ነገሩ አማረ። ለማ በየጠረጴዛው እየዞረ ይቀዳል፣ ሰው «ነፍስ ይማር» ይለዋል፣ እሱም «ያኑርልን» ብሎ ያልፋል። አንድም ሰው ጠጣ አላለውም። ጋሽ ደምሴ ከሩቅ ሲያየኝ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ አላልኳችሁም ማለቱ ነው።

ከዚያ ለማ የሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ደረሰ።

በራስጌ የተቀመጡት አጎቱ አባባ ቱፋ ነበሩ፤ የእማማ ወርቄ ታላቅ ወንድም። ለማ በትልቁ ብርጭቆ ቀዳላቸው። ብርጭቆውን አላነሱም። ያዩታል። ለማም ያያቸዋል።

«ምነው አባባ?»

«አልቀመስክማ።»

ቀጂ ሳይቀምስ አይሰጥም። ከሚቀዳው ላይ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚያቀርበው፤ መጠጡ ንጹሕ ነው፣ ክፉ የለበትም ለማለት። እኛ የከተማ ሰዎች ይህን ከረሳነው ቆይተናል፤ ቢራ በቆርኪ ታሽጎ ይመጣልና። ቅዳሜ ያን ሁሉ ስናወጣና ስናወርድ፣ ዕድሜ ልካችንን መጠጥ ዙሪያ የኖርን ሰዎች፣ አንዳችንም ትዝ አላለንም። ሁላችንም ሲቀዳልን ኖርን እንጂ ቀድተን አናውቅም። እታፈራሁ እንኳ አረቄዋን የምትሰጠው ቅመሺልኝ ለሚል ሰው አልነበረም።

«አባባ፣ ይዝለሉኝ» አለ ለማ በቀስታ።

«እንዴት እዘልሃለሁ? የእናትህ ጠላ ነው። የቤቱ አባወራ ዛሬ አንተ ነህ። አንተ ያልቀመስከውን እኔ እቀምሳለሁ?»

ልብ በሉ፣ ሽማግሌው ክፋት አልነበረባቸውም። እያከበሩት ነበር። ለዓመታት በሰው ፊት ሰው ያልነበረውን የእህታቸውን ልጅ በዘመድ ሁሉ ፊት አባወራ ብለው እየሾሙት ነበር። ጠረጴዛው ሁሉ ወደ ለማ ዞረ። ጫልቱ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ለማ ጆጉን አዘንብሎ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ። ጠላው በጣቶቹ መካከል ወርዶ የሸሚዙ እጅጌ ውስጥ ገባ። እኔ ሁለት ጠረጴዛ ርቄ እንጀራ እንደያዝኩ ነኝ።

ቀድሞ የደረሰው ጋሽ ደምሴ ነው። የለማን እጅ አንጓ ያዘና ወደ ታች አወረደው። «አባቴ፣ እሱ ሐዘንተኛ ነው፤ ጉሮሮው አይከፈትም» አለ። «እኔ ልቅመስለት።» ከራሱ ጆግ መዳፉ ላይ ቀዳና ዋጠ። መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ፊቱን አጨማደደ።

«እደግ!» አሉ አባባ ቱፋ። «ወዳጅ ማለት ይህ ነው።» ብርጭቆአቸውን አነሱ፤ ድንኳኑም ተነፈሰ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት። የአንዱን ሽማግሌ ክብር ያየ ሌላው ሽማግሌ ዝም አይልም። ሁለተኛው ጠረጴዛ «እኛስ?» አለ። ጋሽ ደምሴ ለማን ከኋላው አድርጎ ቀመሰ። ሦስተኛው ጋ ሄዶ ቀመሰ። ለማ ጆጉን ሊቀበለው ሲሞክር «አንተ ተወው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለው። አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ፊቱ አልተጨማደደም። የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ወጣቶች ነበሩ፤ ቅመስ ያለው ሰው አልነበረም።

ቀመሰ።

እታፈራሁ መጥታ ክርኔን ቆነጠጠችኝ። «ጋዜጠኛው፣ ምን ትገተራለህ? ሰውዬው እኮ ጠጣ!»

«ለወጉ ነው የቀመሰው።»

«ወግ በብርጭቆ ነው እንዴ?»

ዞር ስል እውነቷን ነበር። መዳፉን ትቶ ብርጭቆ ይዟል። ሦስታችንም ከበብነው። እንሂድ አልነው። «አታጋንኑ እንጂ» አለ እየሳቀ፤ «እንግዳ ጥሎ ይኬዳል? ነውር አይደለም?» አባባ ቱፋም ከወዲያ ሆነው «ተዉት! ይቀመጥ! ሲደክምልን ውሎ የለ!» አሉና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት። ተቀመጠ። ብርጭቆም ፊቱ ተደረገ።

አሁን የምነግራችሁን ባልነግራችሁ እመርጥ ነበር፤ ግን ያየሁት ነው። ጋሽ ደምሴ ከጠጣ በኋላ የድንኳኑ ሰው ወደደው። ያወራል፣ ያስቃል፣ የቄሱን ካባ ስፌት እያየ ይቀልዳል፤ ቄሱም ይስቃሉ። እኛ ለዓመታት የምናውቀው ጋሽ ደምሴ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሰርግ ላይ ጥግ ይዞ ሎሚ የሚመጥ፣ ማንም ልብ የማይለው። ይህን ሁሉ ሰው ውስጡ ቆልፎ እንደኖረ አላወቅንም። አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሕዝብ በየተራ እየቀዳ አስከፈተው፤ በፍቅር፣ በምርቃት፣ እድሜ ይስጥህ እያለ።

ለማ ከዚያ ወዲያ አልተቀመጠም። ሳህን አነሳ፣ አግዳሚ ወንበር ሰበሰበ፣ ካህናቱን ሸኘ። ዘመዶቹ ሲወጡ አንድ በአንድ አቀፉት። «እናትህን አኮራሃት» አሉት። «ሰው ሆነህ አየንህ።» አንዲት አክስቱ ትንፋሹን አሸተተችና ሳመችው። እሱ ከሁሉም ትከሻ በላይ የሽማግሌዎቹን ጠረጴዛ ያያል።

ጋሽ ደምሴን ወደ ጎፋ የመለስነው በለማ ሚኒባስ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ እታፈራሁና እኔ መሀል አስቀምጠነው፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ። ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ለማ ቁልፉን ከራሱ ከጋሽ ደምሴ ኪስ አውጥቶ ከፈተለት። ጋሽ ደምሴ የለማን ፊት በሁለት እጁ ያዘው።

«ጠጣህ?» አለው።

«አልጠጣሁም፣ ጋሼ።»

«አየህ? ይቻላል ብዬህ አልነበር?»

ገባና ከውስጥ ቀረቀረው። በሩን መታን፤ ስልክ ደወልን፤ ሲጠራ ከውስጥ ይሰማናል። በኋላ ስልኩም መጥራቱን ተወ። እታፈራሁ ከደረጃው ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። «የእንጨት በርማ ቢሆን እሰብረው ነበር» አለች።

በሩ ብረት ነው።

ቁጥር ብቻ ብናይ ሰንበቱ አልከፋም። ከአራት ሰዎች ሦስቱ ሳይጠጡ ለሰኞ በቅተዋል፤ እናቱን በክብር ያሳረፈው ሰውም ከሦስቱ አንዱ ነው። ከዚህ ያነሰ ውጤት ስኬት ተብሎ ሲነገረኝ መዝግቤ አውቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ለማ ከተዘጋው በር ፊት ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሚኒባሱን አቁሟል፤ ረዳቱን አሰናብቷል። ማንኳኳቱን ትቶ ነበር። አጠገቡ ስቀመጥ አንዲት ሴት ቀሚስ ልታስጠብብ ፌስታል ይዛ መጣች።

«ልብስ ሰፊው የለም እንዴ?»

«አለ» አለ ለማ። «ውስጥ ነው። ትናንት ተዝካር ነበር።»

«ውይ፣ ነፍስ ይማር። እናቱ ናቸው?»

ለማ በሩን ቀና ብሎ አየው።

«የለም» አላት። «የእኔ እናት ናት።»

ሴትየዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ በሩን አየችና ፌስታሏን ይዛ ወደ ሌላ ልብስ ሰፊ ሄደች።