የራሱን ቤት ቆጣሪ የማያነበው ሰው

ሆስፒታል ባለበት ሁሉ ሁለት ዓይነት ሐኪም አለ። አንደኛው ነጭ ጋዋን ለብሶ እየሮጠ ያልፋል፣ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ለማግኘት ሦስት ቀን ደጅ መጥናት ነው። ሁለተኛውን ግን አንተ አታገኘውም፣ እሱ ነው የሚያገኝህ።

እኔን ያገኘኝ ታላቅ ወንድሜ ቀዶ ጥገና በተደረገለት በሁለተኛው ቀን ነው። ከልቡ የሚወጣው ትልቁ የደም ስር አብጦ ነበርና ሐኪሞቹ ያበጠውን ቆርጠው በምትኩ ሰው ሠራሽ ቱቦ ሰፉለት። በዚያ ሆስፒታል የተቀዳውን ደም ላቦራቶሪ የሚያደርስ፣ ውጤቱንም ተቀብሎ የሚመለስ ቤተሰብ ነው። ነርሷ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ገልብጣ ወረቀቱን ትመልስልናለች። እናም ውጤቱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ምንም የማይገባው ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

«እስቲ አምጣት» አሉኝ አንድ ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው እያወረዱ።

ሰጠኋቸው። ሰው ሲያዘኝ እምቢ ማለት ድሮም አይሆንልኝም።

«ሲአርፒ፣ መቶ ሰማንያ። ሰውነት ሲቆጣ ከፍ የሚል ነገር ነው። ስንተኛ ቀኑ ነው?»

«ሁለተኛ፣ አባባ።»

«እንግዲያው አትደንግጥ። ዋናው መስመር ተቀይሮ አዲስ ቱቦ ሲገባ ውሃው መጀመሪያ ይደፈርሳል፤ ሁለት ሦስት ቀን ያለ ነው። መጥራት ከጀመረ በኋላ እንደገና ከደፈረሰ ግን ቱቦው ዙሪያ የገባ ነገር አለ ማለት ነው። ያኔ ሩጥ!»

ክቡር የአግዳሚው ፕሮፌሰር (ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ አስታማሚዎቹ ነን) ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰው ግቢ እየገቡ የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሕክምና የተማሩት እዚሁ አግዳሚ ላይ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። ከመቶ በላይ የሆነ ቁጥር ሁሉ «ጎርፍ»፣ ከአሥር በታች የሆነ ሁሉ «ጠብታ» ይባላል። እግሩ የተሰበረ ሰው ወረቀት እንኳ በቧንቧ ነበር የሚተረጎመው።

ከእሳቸው ማምለጫ የለም። አንዲት ሴት የእናቷን ውጤት ቦርሳዋ ውስጥ ሸሽጋ ልታልፍ ብትሞክር፣ «ሸሽጊው ግድ የለም፤ እኔ ከፊትሽ ላይ አንብቤዋለሁ» አሏት። ወጣቱን ዶክተር ባዩት ቁጥር «ዶክተር፣ የትናንቱን ሳያዩ የዛሬውን እንዳያነቡ!» ስለሚሉት ልጁ በጓሮው ደረጃ መውጣት ጀመረ። የሚወዱት አባባል ደግሞ ይህ ነበር፦ «ቆጣሪ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ወደ ኋላ ሲሄድ ያየሁት የደም ቁጥር ብቻ ነው። እሱም እግዜር ሲፈቅድ።»

እውነቱን ለመናገር ሰልችተውኝ ነበር። ሳያቸው ጫማዬን እንደማስር ሆኜ አጎነብስ ነበር። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

የእሳቸው ባለቤት ከወንድሜ ቀጥሎ ባለው ክፍል ተኝተዋል። ቀዶ ጥገናው ያው የደም ስሩ ነው፣ ከተደረገላቸው ግን ሦስት ሳምንት አልፏል። የባለቤታቸው ወረቀት ሲመለስላቸው ሳያዩት አራት አጥፈው ኮት ኪሳቸው ይከቱታል። አንድ ቀን ደፍሬ «የእርስዎንስ አያነቡም?» አልኳቸው።

«የራስን ቤት ቆጣሪ ሌላ ሰው ነው የሚያነበው» አሉኝ። «የመሥሪያ ቤታችን ደንብ ነው።»

የወንድሜ ቁጥር በሦስተኛው ቀን ሁለት መቶ አሥር ደርሶ መውረድ ጀመረ። መቶ ሃያ፣ ከዚያ ሰባ። በሰባተኛው ቀን ከሰዓት መቶ ስልሳ ሆነ። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ሁለቴ አዩት። ጎርፍ አላሉም።

«ተነስ።»

«ሐኪሞቹ ሲዞሩ እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ ነው የሚዞሩት?»

«ነገ ጠዋት።»

«አንተ ሰውዬ፣ የተኛው ወንድምህ ነው ወይስ የጎረቤትህ?»

እጅጌዬን ይዘው እስከ ነርሷ ጠረጴዛ ጎተቱኝ። «ኧረ አባባ፣ ደግሞ መጡ!» አለች።

«እኔ አይደለሁም ሲስተር፤ እሱ ነው ጉዳይ ያለው» አሉና ከኋላዬ ገፉኝ።

ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ። እንደምንም «ሰባ ነበር፣ መቶ ስልሳ ሆነ» አልኩ። «ከጠዋት ጀምሮ ደግሞ ያንቀጠቅጠዋል። እኔ የበረደው መስሎኝ ብርድ ልብስ ደርቤለት ነበር።» ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ፣ ስልኩን አነሳች። ሳይመሽ በሲቲ ስካን ታየ። በአዲሱ ቱቦ ዙሪያ መግል ተጠራቅሟል። ወንድሜ ዳግመኛ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ። ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ «እስከ ነገ ቢቆይ ኖሮ...» አለና ሳይጨርሰው ሄደ።

በማግስቱ አግዳሚው ባዶ ነበር። የፕሮፌሰሩ ባለቤት ሌሊቱን አርፈዋል።

ቀብር አልሄድኩም። ወንድሜን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም፣ ወይም እንደዚያ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አራት ቀን የደሙን ብልቃጥ ብቻዬን ላቦራቶሪ አደረስኩ፣ ወረቀቱንም ብቻዬን አነበብኩ። ሁለት መቶ አርባ። ሁለት መቶ ሠላሳ። ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት። ሁለት መቶ። ወንድሜ ይድን ይሆን አይድን ከቁጥሩ መለየት አቃተኝ። ኮሪደሩ ጭር አለ። ያቺ ሴት እንኳ የእናቷን ወረቀት ይዛ አግዳሚውን እያየች ትቆም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ከላቦራቶሪው መስኮት ዞር ስል ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሰዋል፣ ጢማቸው አድጓል።

«አባባ! እግዜር ያጽናዎት። እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«የወንድምህ አልጠራም ነበር» አሉ። «የጀመርኩትን ንባብ አቋርጬ አላውቅም። በል አምጣት፣ የትናንቱንም።»

አምስቱንም ወረቀት በየቀኑ ደርድሬ ጭናቸው ላይ አኖርኩ። መነጽራቸውን አወረዱ፣ ጊዜ ወሰዱ። የመጨረሻው መቶ አሥር ይላል።

«እየጠራ ነው» አሉ።

ከዚያ ኮት ኪሳቸው ገቡና አራት አራት የታጠፉ ወረቀቶች አወጡ። ጠርዛቸው ከላብ ለስልሷል።

«እነዚህን ደግሞ አንተ አንብብልኝ።»

ሐኪም ፊት ቃል የማይወጣኝ ሰውዬ አጠገባቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳልዘል ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እሳቸው ደጁ ላይ ቆሞ የቆጣሪውን ንባብ እንደሚሰማ የቤት ባለቤት በእያንዳንዱ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አንዱም ወደ ኋላ አልሄደም።